ፍሪሲዮን የማይረግጠው ሹፌር

ስለ ጋሼ ጻፍ ብሎ ያዘዘኝ የለም። እኔ እስክሪብቶ የምይዘው የካርቶን ቁጥር ለመገልበጥ ነው፤ እሱንም ሰው እንዳያየኝ ዞር ብዬ፣ ሁለቴ አይቼ። ግን እሱ ራሱ አይናገርም፣ ሌሎቹ የሚያወሩት ደግሞ ልክ አይደለም። ስለዚህ እንደመጣልኝ ልሞክረው።

ጋሼ የሴራሚክ መደብራችን ሹፌር ነበር። የወለልና የግድግዳ ሴራሚክ እንሸጣለን፣ የመታጠቢያ ቤት ዕቃም አለ። እሱ ይነዳል፣ እኔ እጭናለሁ፣ አወርዳለሁ። አስራ አንድ ዓመት በአንድ ጋቢና ተቀምጠናል፤ ከሚስቴ ጋር እንኳ ያን ያህል ጎን ለጎን አልተቀመጥኩም። የገባሁ ሰሞን አንቱ እለው ነበር። ‹‹አንቱ አትበለኝ፣ ወገቤን ያመኛል›› አለኝ። ከዚያ ወዲህ ጋሼና አንተ ሆንን።

ሰፈሩ ሁሉ ‹‹ጆሮ›› ነው የሚለው። ጆሮው ትልቅ ሆኖ አይደለም፤ መኪና የሚነዳው በጆሮው ስለሆነ ነው። እኔ የቤቴን ጣጣ ሳወራለት መሀል ላይ ‹‹ቆይ እስቲ›› ይለኛል። ዝም እላለሁ። ‹‹የኋላ ቀኝ ጎማ ጠጠር ነክሷል፣ ውረድና አውጣው።›› እወርዳለሁ፣ ጠጠሩ አለ፣ የምስር ፍሬ የምታህል። ተመልሼ ስገባ ‹‹እሺ፣ ሚስትህ ምን አለች?›› ብሎ ካቆምንበት ይቀጥላል።

ፒክ አፗ አሮጌ ናት፤ ነጭ ነበረች፣ ኋላ ቢጫ ሆናለች። የእኔ በር በሽቦ ነው የሚታሰረው። በእሷ ሃያ ስድስት ዓመት ሴራሚክ ሲያመላልስ አንድ ካርቶን አልሰበረም። በእኔ እጅ ተሰብሯል፣ አልዋሽም። በእሱ መንዳት ግን አልተሰበረም።

የግራ ጉልበቱ መታመም የጀመረው መቼ እንደሆነ አላውቅም። እኔ ያወቅሁት ፍሪሲዮን መርገጥ ሲተው ነው። ፍሪሲዮን በግራ እግር የሚረገጠው ነው፤ ማርሽ ሲቀየር ሞተሩን ከጎማው ያለያያል። ሹፌር ሁሉ እሱን ረግጦ ነው ማርሽ የሚያስገባው። ጋሼ ግን ነዳጁን ለቀቅ ያደርጋል፣ አንገቱን ትንሽ ዘንበል ያደርጋል፣ የሞተሩ ድምፅ እሱ የሚፈልገው ቦታ ሲደርስ ማርሹን በሁለት ጣቱ ገፋ። ይገባል። ቅቤ ውስጥ እንደሚገባ ቢላዋ ነው፣ ኮሽታ የለውም። መብራት ሲይዘን ደግሞ ሞተሩን አጥፍቶ አንደኛ ማርሽ ላይ ይተዋታል። አረንጓዴ ሲሆን ቁልፉን ያዞራል፤ ሞተሪኖው መኪናዋን እየጎተተ ያስነሳታል፣ እንሄዳለን። ግራ እግሩ ቀኑን ሙሉ ምንጣፉ ላይ እንደ እንግዳ ተቀምጦ ይውላል።

ሞተሪኖ ግን አይችልም። በዓመት ሦስት ተቀየረ። መካኒኩ፣ ‹‹ጆሮ፣ ሞተሪኖ ትቆረጥማለህ እንዴ?›› ይለዋል።

‹‹የምትሸጥልኝ ዕቃ እንደ አንተ ሰነፍ ነው፣ ቆሞ መሥራት አይችልም።››

መካኒኩ ይስቃል። ያውቅ ይሆን እላለሁ አንዳንዴ። እንጃ።

ሐኪም ዘንድ አንዴ አብሬው ሄጃለሁ። ጉልበቱን በራጅ አዩትና ቅባቱ አልቋል አሉት። ስንወጣ ‹‹እንደ ካምቢዮ ዘይት የሚሞላ መስሎኝ ‹ታዲያ ሙሉልኝ› ልላቸው ነበር›› ብሎ ሳቀ። ሥራህ ምንድን ነው ብለው ሲጠይቁት ‹‹ተቀምጬ ነው የምውለው›› ነው ያላቸው። ውሸት አይደለም።

መደብሩ የእትዬ ነው። እትዬ ከአባታቸው ነው የወረሱት። ልጅ ሳሉ ትምህርት ቤት ያመላለሳቸው ጋሼ ስለሆነ፣ ሰው ከሌለ ‹‹ልጄ›› ይላቸዋል፣ ሰው ካለ አንቱ ይላቸዋል። እኔን እንደ ሰው ስለማይቆጥረኝ ይሁን እንደ ቤተሰብ፣ እኔ ባለሁበት ልጄ ይላቸው ነበር።

አንድ ቀን እትዬ አሮጌዋን ሊለውጧት ነው ተባለ። ወሬውን ያመጣው ሽቶ ነው። ሽቶ የእትዬ ባል ታናሽ ወንድም ነው፣ ሽያጭ ላይ ይሠራል። ሽታው ከእሱ ቀድሞ ስለሚገባ ነው እንዲህ የምንለው። መንጃ ፈቃድ አለው፣ ግን አውቶማቲክ ካልሆነ አይሆንለትም። አንዴ አሮጌዋን ከበር ሊያወጣ ሞክሮ አራት ጊዜ ዘልላ ጠፍታበታለች። ያኔ ጋሼ እጁን አጣጥፎ እያየ፣ ‹‹እኔ መኪና እንጂ እንቁራሪት የምነዳ አልመሰለኝም ነበር›› አለ። ግቢው ሁሉ ሳቀበት። ሽቶ አልረሳውም መሰለኝ።

ያን ቀን ካርቶን ስጭን መጥቶ አጥሩን ተደገፈ።

‹‹ጋሼ፣ አዲስ መኪና ሊገዛ ነው። አውቶማቲክ ትሁን ብያለሁ፣ እንገላገል።››

‹‹ከምን?››

‹‹ሹፌር ከመጠበቅ ነዋ። አውቶማቲክ ከሆነች ማንም ብድግ ብሎ ይነዳታል። እኔም፣ እትዬም። ይሄም ቢሆን›› ብሎ በአገጩ ወደ እኔ ጠቆመ። ‹‹አንተንም ትንሽ እናሳርፍሃለን።››

ጋሼ ጋቢና ከገባን በኋላ ቁልፉን ሳያዞር ቆየ።

‹‹ሰማኸው? ያሳርፈኛል አለ።››

‹‹ለጨዋታ ነው ጋሼ።››

‹‹የሚያርፈው ሬሳ ነው።›› ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። ሲለምን አይቼው አላውቅም፤ ያን ቀን ግን ዓይኑ ለመነኝ። ‹‹ስለ እግሬ ትንፍሽ እንዳትል። መኪናዋ ማንም የሚነዳት ከሆነች እኔን ምን ያደርጉኛል? ይቺን ወንበር ካጣሁ እኔ ሌላ ምን አለኝ?››

‹‹እግርህ ግን፣ ጋሼ፣ አዲሷን...››

‹‹እግሬን ለእኔ ተወው። አሮጌዋን የነዳሁበት ብልሃት አዲሷንም ይነዳታል። ማርሽ ማርሽ ነው።››

እሺ አልኩ። እኔ እሺ ማለት አይቸግረኝም። የሚቸግረኝ ሌላው ነው።

በማግስቱ እትዬ ሁለታችንንም ቢሮ ጠሩን። ቢሮዋ ከማሳያው ጀርባ በመስታወት የተከለለች ጠባብ ክፍል ናት፤ ሦስት ደረጃ አላት። ጋሼ ሦስቱንም በቀኝ እግሩ እያስቀደመ፣ ግራውን እየጎተተ ወጣ። እትዬ ከመስታወቱ ወዲያ ሆነው ያዩ ነበር። ማየታቸውን አይቻለሁ፣ ነገሬ አላልኩትም።

ጠረጴዛው ላይ ባለ ሥዕል ወረቀት ሁለት ተዘርግቷል።

‹‹ይቀመጡ ጋሼ።››

‹‹መቆም ይሻለኛል።›› ከተቀመጠ ሲነሳ ስለሚያሳብቅበት ነው።

‹‹ሁለቱም ናፍጣ ናቸው፣ የሚጭኑትም እኩል ነው። ልዩነቱ ማርሹ ላይ ነው። ይሄ በእጅ ነው፣ ይሄ አውቶማቲክ። ሻጮቹ አውቶማቲኩ ለከተማ ይመቻል፣ እግር አያደክምም ይላሉ።›› እግር ሲሉ ትንሽ ቆም አሉ።

‹‹የማን እግር ነው የደከመው?›› አለ ጋሼ።

‹‹የማንም። እርስዎ ነዎት የሚነዱት። እርስዎ ያሉትን ነው የምገዛው።››

ጋሼ ያን ያህል ሲያወራ ሰምቼው አላውቅም። ጭነት ይዘህ ቁልቁለት ስትወርድ በሁለተኛ ማርሽ ካልያዝካት ፍሬኑ ይግላል አለ። አውቶማቲክ የሚያደርገውን የሚመርጠው ራሱ ነው፣ ‹‹እኔ ደግሞ የሚያስብ መኪና አልፈልግም፣ አንድ የሚያስብ ይበቃል›› አለ። ባትሪ ቢሞት ተገፍታ አትነሳም አለ። ቢበላሽ ደፍሮ የሚከፍተው መካኒክ ጥሩልኝ አለ። ያለው ሁሉ እውነት ነው፣ ወይም እውነት ይመስለኛል። ዋናው ምክንያት ብቻ አልነበረበትም።

‹‹እርግጠኛ ነዎት?››

‹‹ልጄ፣ ትምህርት ቤት ሳመላልስሽ በምን ነበር?››

‹‹በማርሽ ነበር።››

‹‹አንድ ቀን ደንግጠሽ ታውቂያለሽ?››

‹‹አላውቅም›› አሉ እትዬ፣ ፈገግም አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። ‹‹አንተስ? ከጎናቸው የምትቀመጠው አንተ ነህ። የምታውቀው ነገር ካለ ንገረኝ፣ አይዞህ።››

እኔ ጫማዬን አየሁ። ጫማዬ የሲሚንቶ ብናኝ ነበረበት። አንድ ቃል ነበር የሚበቃው። ጋሼ አጠገቤ ቆሟል፣ ሲተነፍስ ይሰማኛል።

‹‹ጋሼ ያለው ነው›› አልኩ።

እትዬ ወረቀቱን ቶሎ አላነሱትም። አውቶማቲኩ ላይ እጃቸውን ጭነው ትንሽ ቆዩ። ከዚያ ሌላኛውን አጥፈው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት።

መኪናዋን ለማምጣት የሄድን ቀን ጋሼ ሸሚዙን አስተኩሶ ነው የመጣው። ግራጫ ናት፣ ወንበሯ ገና ፕላስቲክ ለብሷል። የሻጮቹ ሠራተኛ ወረቀቱን አስፈረመውና ቁልፉን ሰጠው። ጋሼ ገባ፣ ወንበሩን አስተካከለ፣ ማርሹን ነካ ነካ አደረገው። ከዚያ እንደ ልማዱ አንደኛ ላይ አስገብቶ ቁልፉን አዞረ።

ምንም። አንዲት ቢጫ መብራት ብቻ በራች።

ደግሞ አዞረ። ምንም።

ሠራተኛው በመስኮት ጎንበስ አለ። ‹‹አባት፣ ፍሪሲዮኑን እስከ ታች ይርገጡት። የአሁኖቹ ካልተረገጠ አይነሱም። ማርሽ ላይ ሆና ዘልላ ሰው እንዳትመታ ነው።››

የጋሼን ፊት ከጎን ነበር የማየው። ቀስ ብሎ ነው የወረደው፣ አየር እንደሚወጣበት ጎማ። ስንት ነገር አስቦ ስንት ነገር ተከራክሮ፣ ይቺን አልጠየቀም። እኔም አልጠየቅሁም። መካኒኩ ይነግረን ነበር፤ ግን መካኒኩን ስለ አነሳስ መጠየቅ እግሩን መናገር ነበር።

ረገጠው። በሁለት እጁ ጉልበቱን ወደ ታች እየተጫነ። ሠራተኛው ወደ ሌላ ሰው ዞሮ ነበር፣ አላየም። መኪናዋ ተነሳች። ጋሼ ግንባሩ ላቦ ነበር።

‹‹አባት አለኝ›› አለ መንገድ ላይ።

ከዚያ በኋላ ሦስት ወር እንዲህ ነበር የምንኖረው። ጠዋት ጠዋት እኔ ምንጣፍ የምጠርግ መስዬ የእሱን በር እከፍታለሁ፣ ጎንበስ ብዬ ፍሪሲዮኑን በሁለት እጄ እጫናለሁ፣ እሱ ቁልፉን ያዞራል። ሽቶ አንድ ቀን ቆሞ አየን። ‹‹ምን ምንጣፍ ነው በየቀኑ የሚጠረገው? መስጊድ አደረጋችኋት እንዴ?›› አለ። ጋሼ፣ ‹‹አንተ ስትገባባት እንዳትቆሽሽ ነው›› አለው። አፉ ገና አልታመመም ነበር።

መንገድ ላይ ግን እኔ ልረዳው አልችልም። አሮጌዋ ትጮህ ነበር፣ ድምፅዋን ይሰማና ያለ ፍሪሲዮን ያስገባ ነበር። አዲሷ የታፈነች ናት። መስኮቱን ከፍቶ፣ ራዲዮኑን አጥፍቶ፣ አንገቱን አዘንብሎ ይጠብቃል፣ ድምፁ አይመጣም። ማርሹን ሲገፋው ትንገጫገጫለች፣ እሱ ፊቱን ያጨማድዳል፣ ስድብ እንደሰማ ሰው። መብራት ቀይ እንዳይዘው ከሩቅ ጀምሮ ይዘገያል፤ ከኋላችን ያሉት ይሰድቡናል። ከያዘው ደግሞ ጉልበቱን በእጁ እየገፋ ይረግጣል። ሽቦውን መካኒክ ያገናኝልን፣ ሳይረገጥ ትነሳ አልኩት አንዴ። ‹‹ፕላስቲኳ ሳይነሳ? ለምን ሲሉኝ ምን ልበል?›› አለኝ። ፕላስቲኩን እስከ መጨረሻው አላስነሳም።

ሚስቱ ጉልበቱን ማታ በፎጣ እንደምታስርለት ነግራኛለች። ‹‹በቃህ በለው፣ አንተን ይሰማሃል›› አለችኝ። እሺ አልኳት።

የመጨረሻው ቀን ለአንድ አዲስ ፎቅ የመታጠቢያ ቤት ሴራሚክ ጭነን ነው የሄድነው። ግቢው ዳገት ነው፣ በኋላ ማርሽ ነው የሚወጣው። እኔ ወርጄ ከኋላ ሆኜ ‹‹ና፣ ና፣ ግራ ስበር›› እለዋለሁ። በኋላ ማርሽ ዳገት የሚወጣው ፍሪሲዮኑን ግማሽ ላይ ይዞ ነው፤ መርገጥም መልቀቅም ሳይሆን፣ መሀል ላይ። ያን ነው ጉልበት የማይችለው። ሁለት ጊዜ ሞከረ፣ ሁለት ጊዜ ጠፋችበት። የፎቁ ዘበኛ ‹‹ሹፌሩ ተማሪ ነው እንዴ?›› አለኝ። ጋሼ ይስማ አይስማ አላውቅም። መስኮቱ ክፍት ነበር።

በሦስተኛው ሙከራ እግሩ ከዳው። መኪናዋ ወደ ኋላ ዘለለች። እኔ እንዴት ወደ ጎን እንደወደቅሁ አላውቅም፤ የኋላ መዝጊያዋ እኔ ቆሜ ከነበረበት ጀርባ ያለው ግንብ ላይ አረፈ። ካርቶኖቹ ተንሸራተው ወረዱ። የሴራሚክ ስብራት ድምፅ ረጅም ነው፣ አለቀ ስትለው አንዲት ደግሞ ትወድቃለች።

ተነስቼ አቧራዬን አራገፍኩ። ክርኔ ተልጧል፣ ሌላ ምንም አልሆንኩም። ወደ ፊት ሄድኩ። ጋሼ መሪውን ይዞ ተቀምጧል፣ በመስታወቱ ግንቡን ነው የሚያየው።

‹‹ደህና ነኝ ጋሼ›› አልኩት።

‹‹እዚያ ነበርክ›› አለ። ‹‹እዚያ ቆመህ ነበር።››

‹‹ዞር ብያለሁ።››

‹‹ለልጆችህ ምን እላቸው ነበር? እግሬን ደብቄ ነው እላቸው ነበር?››

ጋሼ በሩን ከፈተ፣ በሁለት እጁ ግራ እግሩን አንስቶ አወጣው። ዞሮ በእኔ በኩል ገባ። ‹‹ንዳ›› አለኝ። መንጃ ፈቃድ አውጣ ብሎ የገፋፋኝ ራሱ ነው፣ ከአራት ዓመት በፊት፤ መሸኛ ጽፈው ሲሰጡኝ ማንበብ ፈርቼ እሱ ነው ያነበበልኝ። ነዳሁ። ሁለተኛውን ሳስገባ ጮኸች። ሦስተኛውንም። ድሮ ቢሆን ‹‹አንጀቷን አወጣኸው›› ይለኝ ነበር። ያን ቀን ግን እስከ መደብሩ ድረስ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ወደ ውጭ አየ።

ቢሮ ገብቶ ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። እኔ በሩ ላይ ቆምኩ።

‹‹ሴራሚኩ ተሰብሯል፣ ግንቡም ተጎድቷል። ሰው አልሞተም። ከዛሬ ጀምሮ አልነዳም።››

እትዬ ቁልፉን አልነኩትም። ‹‹እግርዎ ነው?›› አሉ።

ጋሼ ቀና አለ።

‹‹ጋሼ፣ ዓመት ሙሉ ሲያነክሱ እያየሁ ነው። ከዚህ መስታወት የሚታየኝ ደረጃው ብቻ ነው። አውቶማቲኩን ልገዛልዎት ወስኜ ነበር። ጡረታዎ እስኪደርስ ግራ እግርዎን ሳይነኩ እንዲነዱ። እግርዎን አይቻለሁ ብልዎ ያፍራሉ ብዬ፣ ራስዎ እንዲመርጡት ነው የጠየቅሁዎት።›› ድምፃቸው ቀነሰ። ‹‹ያንን ሁሉ ስለ ቁልቁለት ሲነግሩኝ፣ እግሩ ያን ያህል አልባሰም ማለት ነው ብዬ አመንኩዎት።››

ጋሼ ቁልፉን አየ። ‹‹ለሽቶ መስሎኝ ነበር›› አለ በመጨረሻ።

‹‹ለሽቶ? ሽቶን ማን ሴራሚክ ያስጭነዋል? አንድ ብርጭቆ ውሃ ሳይደፋ አያመጣም።››

ሌላ ጊዜ ቢሆን ጋሼ ይስቅ ነበር።

እትዬ ወደ በሩ አዩ። ‹‹አንተ ታውቅ ነበር?››

ጫማዬን አየሁ። ያው ጫማ ነው።

‹‹ጠይቄህ ነበር እኮ›› አሉኝ። አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

መኪናዋ እንዳትመለስ ተመትታለች፣ እንዳትለወጥ ደግሞ በአንድ ዓመት ሁለት መኪና የሚገዛ መደብር አይደለም የእኛ። እትዬ በሩ ጋ ወንበር ላድርግልዎ፣ የሚገባ የሚወጣውን ዕቃ ይዩልኝ አሉት። ‹‹ልጄ፣ እኔ ሃያ ስድስት ዓመት ተቀምጬ ነው የሠራሁት›› አላቸው። ‹‹ሌላ ወንበር አልፈልግም።›› ደረጃውን ወረደ። ሦስቱንም በግራ እግሩ እያስቀደመ ወረደ፣ እኛ እያየነው፣ እንድንረዳው ሳይፈቅድ።

አሁን የምነዳው እኔ ነኝ። ሌላ ማን አለ፣ ሽቶ ማርሽ አይችልም። ጋሼ ማርሽ ይሁን ያለው ወንበሩን ለመጠበቅ ነበር፤ ለእኔ ጠበቀልኝ። ካርቶን ተሸክሜ ከዋልኩበት ቀን ይልቅ አልከበደኝም ብል እዋሻለሁ። ፕላስቲኩን ሽቶ ነው የቀደደው።

የጋሼ ቤት ወደ ግንባታዎቹ በሚወስደው ዋና መንገድ ዳር ነው። መጀመሪያ ሰሞን በዚያ አልፍ ነበር። ደጁ ላይ በርጩማ አውጥቶ ይቀመጣል። እጄን አነሳለሁ፣ እሱም ያነሳል፣ ወይ አያነሳም። እኔ ግን እሱ ፊት ስደርስ እጄ ይተሳሰራል፣ ሁልጊዜ እዚያች ቦታ ላይ ነው ማርሹ የሚጮህብኝ። ስለዚህ በታችኛው መንገድ መዞር ጀመርኩ። ይረዝማል፣ ናፍጣም ይበላል። እትዬ ለምን ሲሉኝ መንገዱ ተቆፍሯል አልኳቸው።

ባለፈው ሳምንት ሚስቱን ዳቦ ቤት አገኘኋት።

‹‹ምነው ጠፋህ? በእኛ በኩል ማለፍ ተውክ?››

‹‹ሥራው ወደ ሌላ በኩል ሆኖ ነው።››

‹‹ጠዋት ጠዋት ደጅ ይቀመጣል። ስታልፍ ይሰማህ ነበር እኮ። ‹ዛሬ ሁለተኛዋን ደህና አስገባት› ይለኛል፣ አንዳንዴ ደግሞ ‹ገደላት› ይላል። አሁን እስከ ምሳ ተቀምጦ፣ ‹ዛሬም አላለፈችም?› ይለኛል። ጆሮዬ ነው ወይ የደከመው እያለ ነው።››

‹‹ነገ አልፋለሁ በይው›› አልኳት።

ይህን ካልኩ ስምንት ቀን ሆነ። ጠዋት ማዞሪያው ጋ ስደርስ ፍሪሲዮኑን እረግጣለሁ፣ ማርሽ አወርዳለሁ፣ እጄ መሪውን ወደ ታችኛው መንገድ ያዞረዋል።